የአሮጌ ፎቶግራፍ ጥገና ወሰኑ የት ላይ ነው?

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከደሴ ሆኜ የማነሳላችሁ ጉዳይ የራሴ ሙያ ነው፤ ያረጀና የተጎዳ ፎቶግራፍ ሲታደስ እጃችን የት ላይ መቆም እንዳለበት እናገራለሁ። ቀድሞ ይህ የፎቶ ቤት ሰዎች ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሰው በስልኩ የአያቱን ፊት በደቂቃ ውስጥ «ማጥራት» ስለሚችል፣ ጥያቄው የሁላችንም ሆኗል።

በወሎ የብዙ እናቶቻችን አንገት በንቅሳት የተዋበ ነው፤ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱም አሉ። እነዚህ በስልክ ፎቶ የሚያጠሩ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ ንቅሳቱን ከሻጋታ፣ ቀጭኑን ማተብ ከስንጥቅ፣ የፈንጣጣውን ጠባሳ ከወረቀቱ መላጥ አይለዩም፤ ሁሉንም አለስልሰው ያጠፉታል። የደበዘዘ ዓይን ሲያጋጥማቸውም ያንኑ ዓይን አያጠሩትም፤ ከሠለጠኑባቸው እጅግ ብዙ የሌሎች ሰዎች ፊቶች በመነሳት ለቦታው የሚመስል አዲስ ዓይን ይፈጥራሉ። እናቷን መልሳ ያገኘች መስሏት በደስታ የምታለቅስ ልጅ፣ የማታውቃትን ሴት እያየች ሊሆን ይችላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፎቶውን ያመጣችው በፍቅር ነው።

ቀለም መቀባትም ከዚህ አይርቅም። ጥቁርና ነጭ ፊልም የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለምን አይዝም። በተለይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስፋት ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይን ስለማያይ፣ ቀዩን ጨርቅ ጥቁር አስመስሎ ያወጣዋል፤ ሰማያዊውን ደግሞ ያነጣዋል። ስለዚህ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የተነሣ ሰው ካባው ጥቁር ይሁን ቀይ ከፎቶው ብቻ መናገር ያስቸግራል። የጥንት ፎቶ ቤቶችም ጉንጭና ከንፈር በብሩሽ ይቀቡ ነበር፤ ያ ቀለም ግን የሰው እጅ መሆኑ በግልጽ ስለሚታይ ማንንም አያሳስትም።

ፎቶግራፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ከማንም በላይ ማወቅ ይገባናል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱበት ታሪክ ጋር፣ በሙስሊም አለባበስ የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ወሬ አብሮ ይነሣል፤ ምስሉ ተቀነባብሯል አልተቀነባበረም የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእንዲህ ያለው ክርክር ያልተነካው ዋና ቅጂ ካልቀረበ ዳኛ አይገኝለትም።

በአሜሪካ የስፖርተኞችን ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ናቸው፤ ጠርዙ የተከረከመ ወይም ቀለም የተጨመረበት ካርድ እንደተበላሸ ይቆጥሩታል። ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ከሲጋራ ጋር ይወጡ ከነበሩት ካርዶች መካከል የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር አንዱ ቅጂ በ2007 እ.ኤ.አ. በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ካርዱን ቀደም ሲል ይዞት የነበረ ነጋዴ ጠርዙን መከርከሙን አመነ። እኔን የሚያስቆጣኝ ከመቀሱ ይልቅ ያ ሁሉ ዓመት መደበቁ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የጸደቀው ቻርተር ስለ ሐውልቶችና ሕንፃዎች ጥገና የተጻፈ ቢሆንም፣ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት የሚናገረውን ቃሉን ለራሴ ሥራ ወስጄዋለሁ። አቧራውን፣ የታጠፈበትን መስመርና የውሃውን እድፍ አነሣለሁ። የተቀደደው ከንፈር ላይ ግን ከንፈር አልሠራም፤ ዓይን እንዳይረብሽ ቦታውን በግራጫ አለዝቤ እተወዋለሁ።

«ሟቹን አባቴን ከሠርጌ ፎቶ ውስጥ አቁምልኝ» የሚሉኝን ባዶ እጃቸውን አልመልስም፤ ናፍቆታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያ አዲስ ሥዕል እንጂ ጥገና አይደለም፣ እንደዚያ ተብሎም ይጻፍበታል። የተፋታውን ባል ወይም የደርግ ዘመን ልብሱን አጥፋልኝ የሚለኝ ሰው ደግሞ፣ በቅጂው ላይ ቢደረግም ዋናው እንዳለ እንደሚመለስለት አስቀድሞ ይሰማል።

ይህን ሁሉ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ አልበማቸውን ጥለው የሸሹ ቤተሰቦችም ነበሩ። እንዲህ ባለው ቤት የሚተርፈው ቀድሞ በቴሌግራም ለዘመድ የተላከው ቅጂ ብቻ ነው፤ ያም «የጠራው» ከሆነ፣ ለልጅ ልጆች እውነተኛው መልክ እሱ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ስካን ስታደርጉ ጀርባውንም አብራችሁ አንሡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው ያለው እዚያ ነውና። ያልተነካውን ፋይል ከታደሰው ለይታችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ምን እንደተቀየረም በታደሰው ቅጂ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ሲጫኑት ወደ ፊት ያብጣል። በፕላስቲክ በተለበጠው አዲሱ ወረቀት ላይ እርሳስ ስለማይይዝ፣ ጽሑፉን ፎቶው በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ አድርጉት፤ ፎቶው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ይጻፍ።