ፈርመህ ውሰድ
(ለመዝገብ ቤታችን እትዬ ሽኝት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ የዛሬው ዝግጅት ባለቤት እትዬ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ጨርስ ተብያለሁ። የጣና ነፋስም ወረቀቴን ሊነጥቀኝ ነው። እሞክራለሁ።

ያቺን ጠርዟ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ሁላችንም እናውቃታለን። ዶሴ ስንጠይቅ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጉና «ፈርመህ ውሰድ» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁንም አስፈርመዋል። አትሳቁ፣ እውነት ነው! ዘጌ በጀልባ የሄድን ጊዜ እንኳ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን «ብራናው ሲወጣ ማን ይፈርማል?» ብለው አባን ጠይቀዋል።

አሁን ወደ ኢሜይላችን ልምጣ። መቼም ሳልናገረው እንደማልቀመጥ ታውቃላችሁ።

የጋራ ሣጥናችን «ኢንፎ» ለዓመታት የተከፈተው በአንድ ፓስወርድ ነው። ፓስወርዱ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ኪቦርድ ሥር ይኖራል። ሦስት ኪቦርድ አነሣሁ፤ ሦስት ወረቀት አገኘሁ። አንድ ቀን ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ወደ ጎንደር ከተዛወረ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድማችን ነው። «ኢንፎ ላይ አንድ አቅራቢ ሦስቴ ጽፏል፣ ምነው ዝም አላችሁት?» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ከዚያ ላብ አጠመቀኝ።

በዚያው ሰሞን የጨረታ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጠፋ። ማን ሰረዘው? ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበውን ሎግ ብከፍት «ኢንፎ» ይላል። ሁላችንም ኢንፎ ነና! ኢሜይላችን በሚሠራበት ሰርቨር፣ በኤክስቼንጅ ላይ፣ ከቅርጫቱም የተሰረዘ ደብዳቤ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ 14 ቀን ይጠብቃል። እኛ የነቃነው በ17ኛው ቀን ነው። ተጫራቹ አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ጣት የተቀሰረው በተላላኪያችን ልጅ ላይ ነው። ለምን? ደመወዟ ትንሽ ስለሆነ? ከመካከላችን ይቅርታ የጠየቃት አለ?

የጋራ ሣጥን የጋራ ፓስወርድ አያስፈልገውም! እያንዳንዱ በራሱ ስም ይገባል፤ እኔ ሰርቨሩ ላይ ፈቃዱን እሰጠዋለሁ። ፉል አክሰስ ያለው ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይሰርዛል፤ በሣጥኑ ስም መላክ ግን አይችልም። ለመላክ «ሴንድ አዝ» ለብቻው ይሰጣል፤ ደብዳቤው በሣጥኑ ስም ይወጣል። «ሴንድ ኦን ቢሃፍ» ከሆነ የላኪውም ስም አብሮ ይታያል። «ሁሉንም ስጠኝ» እያላችሁ ቢሮዬ የምትመላለሱ፣ ዛሬ በሰው ፊት ልንገራችሁ፤ አልሰጥም! የሚያነብ ያንብብ፣ የሚመልስ ይመልስ።

እትዬ አጥብቀው የሚይዙት አንድ ነገር አለ፤ ቀሪ። በሴንድ አዝ የተላከ ደብዳቤ ቀሪው፣ ዝም ካሉት፣ የሚገባው የላኪው የራሱ ሣጥን ውስጥ ነው። የጋራው ባዶውን ይቀራል። በጋራውም እንዲቀመጥ የሚያደርግ ማስተካከያ ሰርቨሩ ላይ አለ። አብርቼዋለሁ።

ስለ ኢሜይል የጻፍኩትን ሌላውን ልዝለለው፤ ዓሣው መጣ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ቢሮዬ መጡ። የካቢኔቱን ቁልፍ አስረክበው ነው የመጡት። «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሰጠኸኝንም አንሣና ፈርምልኝ» አሉኝ። ሳይጠሩት መጥቶ ፈቃዴን ውሰድ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አነሣሁ። ሰማያዊዋ ደብተር ላይም ፈረምኩ።