መዝገቡ ይከፈት
በባሕር ዳር ለሳንቲምና ለወረቀት ብር ሰብሳቢዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጎንደር፣ ከአዲስ ዘመንና ከደብረ ታቦር ድረስ መንገዱን ችላችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ምስጋናችን የተለየ ነው።

ኮሚቴው ስለ አያያዝና ስለ ወጪ እንድናገር የጋበዘኝ ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ስላሳለፍኩ ይመስለኛል። ስለ አያያዙም ጥቂት እላለሁ። እዚህ የቆምኩበት ዋና ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ከትዳር አጋራችንና ከልጆቻችን ተደብቀን መግዛት ልናቆም ይገባናል። ለዓመታት በሹክሹክታ ስንነጋገርበት የቆየን ነገር ስለሆነ ዛሬ በድምፅ ማጉያ ልናገረው ወስኛለሁ።

ከብዙዎቻችን በፊት መሰብሰብ የጀመሩትን ጋሼን ታስታውሷቸዋላችሁ። ቤተሰባቸውን ላለማሳዘን ስማቸውን አልጠራም። ጠገራውን፣ ያንን በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ስም የተመታውን የብር ሳንቲም፣ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው በድምፁ ብቻ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለዩ ነበር። በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን የተጻፈው «ፍትሕና ምሕረት» ማለት መሆኑን፣ ጽሑፉም ሰው ጠርዙን እየሞረደ ብሩን እንዳይሰርቅ ይጠብቅ እንደነበር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ለእውቀታቸው ስስት አልነበራቸውም። ጥያቄ ይዞ ቤታቸው የሄደ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይወጣም።

የገዙበትን ዋጋ ግን ለማንም አይናገሩም ነበር። ባለቤታቸው ሲጠይቋቸው «ወዳጅ ሰጠኝ» ይላሉ። የጡረታቸውን ገንዘብ፣ የደረሳቸውን ዕቁብ፣ አንዳንዴም የተበደሩትን ይዘው ወደ ነጋዴ ይሄዱ እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። ባለቤታቸው የብስኩት ቆርቆሮዎቹን ከአልጋ ሥር ያገኟቸው ከአርባው በኋላ ነበር። የተዝካሩ ዕዳ ደጅ ቆሟል። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ብር መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ግን የነገራቸው ሰው የለም፤ የተጻፈ አንድ ገጽም አልተገኘም። ወደ አንጥረኛ ወስደው በግራም ሸጡት።

ወሬውን እንደሰማሁ እየሮጥኩ ሄድኩ። ቀልጦ ነበር። አንጥረኛው ቅን ሰው ነው፤ አልደበቀኝም። «አንበሳ ያለበትም ነበረ» አለኝ። የፊት እግሩን ያነሳ፣ ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳ! ዐፄ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ብር ማለት ነው። ሂሳቡን እንየው። የምኒልክ ብር ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ጥራቱ ከሺህ 835 ነው። ጠገራውም ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ጥራቱ ከሺህ 833 ነው። በአንጥረኛ ሚዛን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጠገራው ንግሥቲቱ በፈረንጆቹ 1780 ከሞቱ በኋላም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በሚሊዮኖች ሲመታ ኖሯል። የምኒልክ ብር እንደዚያ አልበዛም። ልዩነቱን የሚያውቀው ሰው አፈር ገብቷል፤ የሚያውቁት ነገርም ከእሳቸው ጋር ተቀበረ።

አንጥረኛውን አልወቅስም። እኒያን እናትማ እንዴት ብዬ? ባላቸው የደበቃቸውን ሸጠው የባላቸውን ዕዳ ከፈሉ። ጋሼን እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ቢሆንም እውነቱን እንናገር፤ ያንን ክምችት ያቀለጠው የአንጥረኛው እሳት ብቻ አይደለም። «ወዳጅ ሰጠኝ» የሚለው ቃል ነው!

ወደ ሁለተኛው ማመካኛችን ልለፍ። «ገንዘቡ አልጠፋም፣ ሀብት ነው» እንላለን። ለሚስት እንላለን፣ ለባል እንላለን፣ ለራሳችንም እንላለን። የማንን ሀብት ነው የምናወራው? ስንገዛ ነጋዴው በጠራው ዋጋ እንገዛለን፤ ስንሸጥ ያው ነጋዴ አንገቱን እየነቀነቀ እጅግ አውርዶ ይገዛናል። በመካከል ያለው ልዩነት የእኛ ወጪ ነው። 1780 የሚለውን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ» እያለ የሚሸጥ አለ። 1936 የሚል ሳንቲም ይዞ «ጣሊያን የገባ ጊዜ» የሚልም አጋጥሞኛል። በእኛ አቆጣጠር 1936 ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ሳንቲሙም ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ንጉሡ መጨረሻ ድረስ ሲመታ ነበር፤ በየቤቱም ሞልቷል። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየርስ? አሮጌውን መቶ ብር በእስር በእስር ያስቀመጡ ወንድሞች አሉ። ለክምችት ንጹሕ የሆነ አንድ ሁለት ቅጠል ይበቃ ነበር። የቀረው ባንክ ቢመለስ የቤት ኪራይ የሚከፍል ገንዘብ ነበር።

የምንሰበስበው ስለምንወድ ነው። ይህ አያሳፍርም፤ ሌላ ምክንያትም አያስፈልገው። የምንወደውን ነገር ግን በልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ የመግዛት መብት ማን ሰጠን? ማንም! ለወር አስቤዛ የተሰጠን ብር ለጠገራ አውለን ቤት ስንገባ «ገበያው ተወደደ» የምንል ከሆነ ሰብሳቢዎች አንባልም!

እንዴት እንክፈል ለምትሉኝ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ደመወዝ ሲገባ ቀድሞ የቤቱ ይወጣል፤ አስቤዛው፣ ኪራዩ፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም። ከዚያ ከተረፈው ከመቶ 10 እጁን በተለየ የባንክ ደብተር አስቀምጣለሁ፤ ባለቤቴም ያውቀዋል። ደብተሩ ባዶ ሲሆን ቅዳሜ ገበያ የምኒልክ ብር በርካሽ ቢገኝ እንኳ አልገዛም። ያማል፤ ግን አልገዛም። ድርብ የሆኑብኝን እዚሁ ለእናንተ እሸጣለሁ፤ የሸጥኩበት ወደዚያው ደብተር ይገባል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ አልበምና የሳንቲም መያዣ ከውጭ ማስመጣት ለብቻ የሚታሰብ ወጪ ሆኗል። ከአዲስ አበባ በጋራ ብናስመጣ ለሁላችንም ይቀላል።

ትንሽ ገንዘብ ያላችሁ ወጣቶች፣ ትንሽ መሆኑ አያስከፋችሁ። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ጢስ ዓባይ ፏፏቴያችን የታተመበት የወረቀት አንድ ብር አሁንም በርካሽ ይገኛል። ከ1969 ጀምሮ ሲታተም የብሔራዊ ባንክ ገዥዎች ፊርማ ተቀያይሯል። በየፊርማው አንድ አንድ ሰብስቡ። የተሟላ፣ የሚያኮራ፣ ማንንም የማያስርብ ክምችት ይሆናል።

ስለ አያያዝ ባጭሩ። የጣና እርጥበት በክረምት ወረቀቱንም ብረቱንም ይጎዳል፤ ከግድግዳ አርቁ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሩ። ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚተው አትጠቀሙበት። ሳንቲም በሎሚና በአመድ አትፈትጉ፤ የወረቀት ብር ላሚኔት አታድርጉ።

የገዳማት ዕቃ ይዞ ከሚመጣ ደላላም እንጠንቀቅ። ከክብራን ይሁን ከዳጋ፣ ከናርጋ ይሁን ከዘጌ፣ መስቀልም ብራናም የምንገዛው ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ግዢ የሚፈጽም ካለ ከእኛ ጋር አይቀጥልም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እያንዳንዱ አባል አንድ መዝገብ ይያዝ። የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ክብደቱ፣ መለያው፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ቤተሰቡ ሊያማክረው የሚችል የአንድ አባል ስም ይጻፍበት። መዝገቡ በቁልፍ አይዘጋ፤ ባለቤታችን ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስትመጡ ባለቤታችሁ አይቶ የፈረመበትን የመጀመሪያ ገጽ ይዛችሁ እንድትመጡ ሐሳብ አቀርባለሁ። የባዶ መዝገቡን ናሙና ጸሐፊያችን በር ላይ ይዞታል።

ሰብሳቢያችን፣ ሐሳቡን ለድምፅ ያቅርቡልኝ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ።