የደብዳቤው ነገር

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሐረር ለመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ከጠዋት ጀምሮ ቡና ላፈሉልን እናቶች ምስጋናችን ብዙ ነው። ዘንድሮ ሦስት የንባብ ምሽት አዘጋጅተናል፣ የድሮ ጋዜጦቻችንንም አስጠርዘናል። ሌላውን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል። እኔ ለአንድ ጋዜጣ ማረሚያ እንዲያወጣ ወደጻፍነው፣ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ደብዳቤ ልሂድ።

ታስታውሳላችሁ፣ አንድ አገር አቀፍ ጋዜጣ ሞሮኮ የኔ ነው ስለምትለው፣ የፖሊሳሪዮ ንቅናቄ ደግሞ ነፃነቱን ስለሚጠይቅለት ስለ ምዕራብ ሰሃራ ሙሉ ገጽ ጽፎ ነበር። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 የሞሮኮ ሱልጣን ከአንዳንድ የአካባቢው ጎሳዎች ጋር የታማኝነት ትስስር እንደነበረው አረጋግጧል ይላል። እውነት ነው። ግን ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ሰነድ፣ ትስስሩ የግዛት ሉዓላዊነትን አያሳይም፣ የሕዝቡን የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብትም አያስቀርም ብሏል። ይቺን ግማሽ ጋዜጣው ዋጣት። እ.ኤ.አ. በ1991 በሞሮኮና በፖሊሳሪዮ መካከል ተኩስ ሲቆም ይደረጋል የተባለው ሕዝበ ውሳኔ እስከ ዛሬ አለመደረጉም አልተነሳም። አልጄሪያ፣ ቲንዱፍ መጠለያ ውስጥ ካሉት የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞች አንድም ሰው አልተጠየቀም። ያናደደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሞሮኮም፣ ፖሊሳሪዮ ያወጀው የሳህራዊ ሪፐብሊክም የአፍሪካ ኅብረት አባላት ናቸው፣ ጋዜጠኛው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ሁለቱንም ማናገር ይችል ነበር።

ለፖሊሳሪዮ ጥብቅና ቁሙ አላልኳችሁም። ሞሮኮ የምትለውም በደንብ ይጻፍ። የጠየቅነው የጎደለው እንዲታተም ብቻ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ግማሹ አባል አልፈረመም። ምክንያቱን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ጋር የተፈረመው የማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት ለዚችው ለድሬዳዋ ነበር፣ ኩባንያው ደግሞ ምዕራብ ሰሃራ ውስጥ ቡክራ ላይም ፎስፌት ያወጣል። «ፋብሪካውን ታስቀሩብናላችሁ» ተባልን። አቦ፣ ፋብሪካውን እኔም እፈልገዋለሁ! ቤቴ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ አለችኝ። ግን ጋዜጣ ማረሚያ እንዲያወጣ ስለተጠየቀ የቀረ ፋብሪካ ካለ ንገሩኝ። እንዲያውም ጉዳዩ ደጃችን ድረስ ስለመጣ ነው ሙሉውን ማንበብ ያለብን።

ዛሬ የቀራችሁ ከዚራና ሳቢያን ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ይህን የሚያደርስላችሁ ሰው አይጠፋም። ስልክ ስደውል «እሺ ጋሼ» ትሉኛላችሁ፣ ከዚያ ድምፃችሁ ይጠፋል። በእውነት ከፍቶኛል። ማኅበሩን ስንመሠርት በየሳምንቱ ጋዜጣ ይዛችሁ ስትከራከሩ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ።

ደብዳቤውን እንደገና አሳትሜ አምጥቻለሁ፣ ጀበናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከምሳ በፊት አንብባችሁ ፈርሙ። የማይስማማም ካለ እዚሁ ተነስቶ ይንገረኝ፣ ውጭ ወጥቶ አይደለም። መድረኩን ለጸሐፊያችን እሰጣለሁ።