ቁፋሮው ያለቀው ሲታተም ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ ጽሑፋችሁን አምናችሁ የሰጣችሁን ተመራማሪዎች፣ ስማችሁ ሳይጠቀስ ረቂቅ ስታገላብጡ ያመሻችሁ ገምጋሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የአርኪዮሎጂና የጥንት ታሪክ ጆርናል ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ አልደሰኩርም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ይበቃል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1900 እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት አርተር ኢቫንስ በግሪክ ቀርጤስ ደሴት ላይ ክኖሶስ የተባለውን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ሲቆፍር የሸክላ ጽላቶች አገኘ። የተጻፈባቸውን ፊደል ማንም አያነበውም። ዛሬ ሊኒየር ቢ እንለዋለን። ኢቫንስ ከጽላቶቹ አብዛኞቹን ሳያሳትም በ1941 ሞተ። ስብስቡ የታተመው በ1952 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት! ሰውየው ታላቅ ቆፋሪ ነበር፤ እኔ ግን ይህን በቀላሉ አላልፍለትም።

በታተመችው ጥቂት ነገር የሠሩም ነበሩ። አሜሪካዊቷ ምሁር አሊስ ኮበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ሲጠፋ፣ ማስታወሻዎቿን በቁርጥራጭ ወረቀት እየጻፈች በሲጋራ ካርቶን ታስቀምጥ ነበር። ከ1945 ጀምሮ በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ አርኪዮሎጂ ላይ ባወጣቻቸው ጽሑፎች፣ መነሻቸው አንድ ሆኖ መጨረሻቸው የሚለያይ ቃላትን ነቅሳ አሳየች። ቋንቋው ግን ይሄ ነው አላለችም። ማስረጃው ያደረሳት ቦታ ላይ ቆመች። በ1950 ስትሞት ፊደሉ ገና አልተፈታም።

የፈታው ማይክል ቬንትሪስ ነው፤ ሙያው አርክቴክት። ያው ጆርናል በ1940 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ጽሑፍ አትሞለታል። ያኔ ቋንቋውን ከኤትሩስካን፣ ከጥንታዊ የጣሊያን ምድር ቋንቋ፣ ጋር አዛምዶት ነበር፤ አልሆነም። በ1952 ግን ግሪክኛ ነው አለ፣ በ1953 ከቋንቋ ተመራማሪው ጆን ቻድዊክ ጋር ማስረጃውን በጆርናል ኦፍ ሄለኒክ ስተዲስ አወጣ።

ማን ያምናል ታዲያ? በዚያው ዓመት አርኪዮሎጂስቱ ካርል ብሌገን ግሪክ ውስጥ ፒሎስ ላይ ባገኘው አንድ ጽላት ንባቡን ሞከረው። ከቃሉ አጠገብ የዕቃው ሥዕል አለ። ቃሉ «ባለ ሦስት እግር» ተብሎ ሲነበብ፣ ሥዕሉ ሦስት እግር ያለው ድስት ሆኖ ተገኘ። «ባለ አራት ጆሮ»፣ ማለትም ባለ አራት መያዣ፣ የተባለው ዕቃም አራት ጆሮ አለው። «ጆሮ የሌለው» ሲልም ጆሮ የለውም። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ተጠራጣሪ አፉን ያዘ።

እንግዲህ ጆርናላችን የሚፈልገው ይህንን ነው። ወርቅ ያገኘ ሰው ጋዜጣ አያጣም። እኛ የምንጠይቀው ዕቃው ከየትኛው የአፈር ንብርብር ወጣ፣ አጠገቡ ምን ነበር፣ ሥዕሉና ልኬቱ የት አለ የሚለውን ነው። አንዴ የተቆፈረ ቦታ ተመልሶ አይቆፈርም፤ መዝገቡ ከጠፋ ቦታውም ጠፋ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከነጋዴ እጅ የተገዛ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ጸሐፊ ግን ቅር ይበለው እንጂ አናትምለትም። ዘረፋን የምርምር ካባ ማልበስ ነውና።

ገምጋሚዎች፣ አደራ፣ ጨከን በሉ። ስድብ ግን ይቅር። «ይህ ደካማ ነው» ብቻ ብሎ መመለስ ለማንም አይጠቅም፤ የቱ ጋ እንደላላ አሳዩ።

ወጣት ተመራማሪዎች፣ ምንም ያልተገኘበት ቁፋሮም ጽሑፍ ይወጣዋል። ባዶ መሆኑን ካላሳተማችሁ ሌላው እዚያው ሄዶ ገንዘቡን ይጨርሳል።

አንጋፋዎቹ ደግሞ፣ ቢሮአችሁ ውስጥ ስንት ያልታተመ የቁፋሮ ማስታወሻ በሳጥን ታሽጎ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ለሚቀጥለው እትም እሱን አምጡልን። ረቂቁ ያልተስተካከለ ቢሆንም ግድ የለም፣ አብረን እናስተካክለዋለን።

አመሰግናለሁ።