መውጫ የሌለው ሐይቅ

ማርታ፦ እሺ ዳዊት፣ ዛሬ ወዴት ነው?

ዳዊት፦ አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ግዛት። ሜዳ፣ ስንዴ፣ ነፋስ። እዚያ ዴቪልስ ሌክ የምትባል ከተማ አለች። ከጎኗ በዚያው ስም የሚጠራ ሐይቅ አለ። በግዛቷ ካሉት የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ነው።

ማርታ፦ ሜዳ ላይ ሐይቅ ከየት መጣ?

ዳዊት፦ የበረዶ ዘመን ሥራ ነው። ከሰሜን የመጣው ግግር በረዶ መሬቱን ቦጭቆ ወደ ደቡብ ገፋው። ጉድጓዱ ሐይቅ ሆነ። የተነሳው አፈርና ድንጋይ ደግሞ ደቡቡ ዳርቻ ላይ ኮረብታ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው።

ማርታ፦ ቆፋሪ አፈሩን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቶት እንደሄደ በለኛ።

ዳዊት፦ ልክ እንደዚያ። ጣጣው ግን ሐይቁ በተፈጥሮው መውጫ የለውም። ዝናብና የቀለጠ በረዶ ይገባል፤ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። እርጥብ ዓመታት ሲደራረቡ ይሞላል፣ ድርቅ ሲሆን ይሸሻል።

ማርታ፦ ታዲያ ሰዉ ይህን እያወቀ ነው ዳሩ ላይ የሰፈረው?

ዳዊት፦ ሰዉ ያየው መሸሹን ነዋ! በ1880ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሚኒ ኤች የምትባል የእንፋሎት መርከብ መንገደኛና ጭነት ታመላልስበት ነበር። በ1909 ውሃው አንሶ ሥራዋ ቆመ። በ1940 ጭራሽ ወረደ። ከዚያ ትንሽ ቢያገግምም የሚያሰጋ አልመሰለም። 1993 ላይ ግን ዝናቡ ጀመረ። እስከ 2011 ድረስ ውሃው ወደ 10 ሜትር ገደማ ወጣ።

ማርታ፦ ቆይ ቆይ፣ 10 ሜትር?

ዳዊት፦ ሜዳ ላይ መሆኑ ነው ጉዱ። ገደል የለ፣ የሚያቆመው የለ። ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጎን ይንጣለላል። ስፋቱ ከ180 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ 850 አካባቢ ደረሰ። ሚነዋከን የምትባል ትንሽ ከተማ ከሐይቁ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር። ውሃው ደጇ ድረስ መጣ። ትምህርት ቤቱን ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ሠሩት።

ማርታ፦ ዴቪልስ ሌክ ራሷስ?

ዳዊት፦ በግድብ ታጠረች። ሀዲዱንም ከፍ አድርገውታል። ዙሪያውን ብትነጂ አስፋልቱ፣ መሃል መስመሩ ሳይለቅ፣ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ዛፎቹ ደርቀው ውሃው መሃል ቆመዋል። ይህን ሁሉ «ጎርፍ» ይሉታል። እኔ አይዋጥልኝም። ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል። ይሄ ሐይቅ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከዚህም በላይ ሞልቶ ወደ ሻየን ወንዝ ፈስሷል፤ ደለሉ ይመሰክራል። የገዛ ቦታውን ነው የያዘው።

ማርታ፦ እስቲ ይህን እርሻው ለተዋጠበት ገበሬ ንገረው!

ዳዊት፦ አልደፍርም። ገበሬውም እኮ ይወቀሳል። ረግረጉን አጠንፍፎ ውሃውን ወደ ሐይቁ ሰደደው የሚሉ አሉ። ሌላው ሁሉም የዝናቡ ሥራ ነው ይላል። ክርክሩ አላለቀም።

ማርታ፦ መውጫ ቢያበጁለትስ?

ዳዊት፦ አበጁለት። በ2005 አንድ፣ በ2012 ሌላ። በፓምፕ ወደ ሻየን ይገፉታል። ሻየን ግን ወደ ሬድ ሪቨር ይገባል፣ ሬድ ሪቨር ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ሐይቅ። ለዘመናት ሲተን የኖረ ውሃ ጨዋማ ነው። እዚያ ያሉት የማኒቶባ ግዛት ሰዎች «ጨዋችሁንም የውሃ ተሕዋስያናችሁንም እዚያው ያዙ» ብለው ተሟገቱ።

ማርታ፦ እውነታቸውን ነዋ። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ የተጠቀመ አለ?

ዳዊት፦ ዓሣ አጥማጁ! የሰመጠው ሣርና ዛፍ ለዓሣ መጠለያ ሆነ። በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ሠርቶ ድንጋይ ይሆናል። ፒክአፓቸውን በረዶው ላይ ነድተው ይገባሉ፣ በመሰርሰሪያ ይበሳሉ፣ ጎጆ ቢጤ ተክለው ፐርች የሚባለውን ዓሣ ያወጣሉ።

ማርታ፦ በረዶ ላይ መኪና? እኔን ከዝርዝሩ አውጣኝ።

ዳዊት፦ ሹፌሩ እኔ ብሆንስ?

ማርታ፦ ያኔማ ጭራሽ!