የግሌሺየር ሻሌዎች፦ ወደ ላይ የሚወጣውና ወደ ታች የሚወርደው

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ያለው ግሌሺየር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1910 ሲቋቋም ተራራውን የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ አልነበረም። በሉዊስ ሂል ይመራ የነበረው የግሬት ኖርዘርን ባቡር ኩባንያ ተሳፋሪ ለመሳብ ሆቴሎችንና የስዊስ ዓይነት ሻሌዎችን፣ ማለትም የተራራ ማደሪያ ቤቶችን፣ አሠራ። እንግዳው ከባቡር ወርዶ በፈረስ ከሻሌ ወደ ሻሌ ይዞር ነበር። በ1933 ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የተባለው የመኪና መንገድ ሲከፈት በፈረስ የመዞሩ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ከሻሌዎቹም ብዙዎቹ ኋላ ፈረሱ። ዛሬ መኪና በማይደርስበት ቦታ እንግዳ የሚያሳድሩት ስፔሪና ግራናይት ፓርክ የተባሉት ሁለት ሻሌዎች ናቸው።

የሁለቱም ግድግዳ የአካባቢው ድንጋይ ነው። የእነዚህ ቤቶች ጣጣ ምንጊዜም ጭነት ነው፤ የሚወጣውም የሚወርደውም። ከ1992 በኋላ ለዓመታት የተዘጉት በሽንት ቤት ፍሳሽ ምክንያት ነበር። በዚያ ከፍታ ብርዱ የቆሻሻውን መበስበስ ያዘገየዋል።

ኦገስት 31 ቀን 2017 የስፔሪ ማደሪያ ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እዚያው ነበሩ፤ የውሃ ቱቦም ተዘርግቶ ነበር። ግን በነፋስ የመጣ ፍም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሾልኮ ገባ። ወለልና ጣሪያ ሲነድ ግድግዳውን አስሮ የሚይዘው ነገር ይጠፋል፤ ራቁቱን የቀረ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ለነፋስና ለበረዶ ክብደት አይበረታም። ስለዚህ ብርዱ ሳይጠና ድጋፍ እንጨት በሄሊኮፕተር ወጥቶ ግድግዳው ተደገፈ። ከሥራው ሁሉ ወሳኙ ይህ ነው እላለሁ፤ እሱ ባይኖር በ2018 የሚታደስ ቤት ባልተገኘ። በ2020 እንግዳ ተቀበለ።

መሄድ ለምታስቡ፦ ስፔሪ ከሌክ ማክዶናልድ ሐይቅ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 1000 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ምግብ እዚያ ስለሚቀርብ ሻንጣችሁ ይቅለል። ወደ ግራናይት ፓርክ ሎጋን ፓስ ከተባለው የተራራ ማለፊያ የሚወስደው የሃይላይን የእግር መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አይከብድም፤ ችግሩ እስከ ጁላይ የሚቆይ በረዶ ነው። ሉፕ ከተባለው የመኪናው መንገድ መታጠፊያ በኩል 6.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን አቀበት ነው፣ ጥላም የለውም። ግራናይት ፓርክ ምድጃ አለ፣ ስንቁ ግን የእናንተ ነው። ቆርቆሮና ጠርሙስ አትያዙ፤ ባዶውንም መልሳችሁ የምታወርዱት እናንተው ናችሁ። ድብ መከላከያ ስፕሬዩን ከሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ ከወገባችሁ ይሁን። ክፍሎቹ መብራት የላቸውም፣ ሽንት ቤቱም ደጅ ነው፤ የእጅ ባትሪውን ከራስጌ አስቀምጡ።

አመሰግናለሁ።