ከሎጁ በፊት መብቱ

የተከበራችሁ የማኅበረሰብ ማኅበራት ተወካዮች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎች፣ በጉዞና በሎጅ ሥራ የተሰማራችሁ ባለሀብቶች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

በማኅበረሰብ ስለሚመራ ኢኮቱሪዝም፣ ማለትም ተፈጥሮን ሳይጎዳ ነዋሪውን ስለሚጠቅም ጉብኝት የሚደረጉ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ከጎብኚው ይጀምራሉ። ስንት ሰው ይመጣል፣ ምን ያህል ገንዘብ ያወጣል፣ ለስንት ወጣት ሥራ ይከፈታል የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። እኔ ዛሬ ልናገርበት የምፈልገው ከእነዚህ ሁሉ ሊቀድም የሚገባውን ጉዳይ፣ ማለትም በዱር እንስሳው የመጠቀምና ስለ እርሱም የመወሰን መብት የማን ነው የሚለውን ነው። ሎጁ ይሠራ፣ ገቢው ሲገኝ ስለ መብቱ እንነጋገራለን የሚለው አካሄድ ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም፣ ገቢው ከተገኘ በኋላ መብት አካፍሉኝ ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪ የመደራደሪያ አቅሙን አስቀድሞ አጥቶ ይቀርባል።

የናሚቢያን ተሞክሮ ጥቂት ልዘርዝር። ከነጻነት በፊት በዚያች አገር ነጭ የእርሻ ባለቤቶች በይዞታቸው ውስጥ ባለው የዱር እንስሳ የመጠቀም መብት ሲኖራቸው፣ በጋራ መሬት ላይ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ግን ይህ መብት አልነበረውም። ዝሆን እርሻውን ቢረግጥበት፣ አንበሳ ፍየሉን ቢበላበት ጉዳቱ የእርሱ፣ እንስሳው ግን የመንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጻነት ከተገኘ በኋላ በ1996 የወጣው ማሻሻያ ሕግ በጋራ መሬት የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ጥብቅ ስፍራ አቋቁመው ከዱር እንስሳው እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ፈቃዱ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልተሰጠም፤ ነዋሪዎቹ ወሰናቸውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር መስማማት፣ አባሎቻቸውን መመዝገብ፣ ኮሚቴ መምረጥ፣ መተዳደሪያ ደንብ ማጽደቅና የሚገኘው ጥቅም እንዴት በፍትሐዊነት እንደሚከፋፈል መወሰን ነበረባቸው። ቶራንና ንያኤ ንያኤን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹ አራት በ1998 ተመዘገቡ። ዛሬ ቁጥራቸው 86 ደርሷል፤ የሚሸፍኑትም መሬት ከአገሪቱ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ በሕጉ ብቻ የመጣ አይደለም። በሰሜን ምዕራቡ ክፍል ድርቅና ሕገ ወጥ አደን እንስሳቱን ባመነመኑበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ጋርዝ ኦወን ስሚዝ የተባለው የጥበቃ ባለሙያ ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተመካክሮ ጠባቂዎቹ በእነዚያው ሹማምንት እንዲመረጡና ተጠሪነታቸውም ለእነርሱ እንዲሆን አደረገ። አዳኙን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነውና፣ ከሩቅ የመጣ ዘበኛ ሊደርስበት የማይችለው መረጃ በእነዚህ ሰዎች እጅ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ግን አንድ ትንሽ የኪስ መዝገብ ነው። የጥብቅ ስፍራው ጠባቂ ለቅኝት ሲወጣ ይህችን መዝገብ ይዞ ይወጣል፤ ያየውን እንስሳ፣ ያገኘውን በድን፣ የተሰበረውን አጥር፣ የተገደለውን ከብት፣ የወጥመድ ምልክት ካለም እርሱን ያሰፍርበታል። የየዕለቱ መረጃ በቢጫ ወረቀት ይያዛል፤ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ወደ ሰማያዊው ይገለበጣል፤ የዓመታቱ አዝማሚያ ደግሞ በቀዩ ላይ ይቀመጣል። መረጃው እዚያው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀራል፤ ደማሪዎቹም ራሳቸው ጠባቂዎቹ ናቸው። ባለሙያ መጥቶ ቆጥሮ፣ ውጤቱን ይዞ ሄዶ፣ ከዓመት በኋላ ነዋሪው በማያነበው ቋንቋ ሪፖርት ከሚያሳትምበት አሠራር ጋር አነጻጽሩት። የራሱን ቁጥር የያዘ ኮሚቴ ከሎጅ ባለሀብት ጋር ለድርድር ሲቀመጥ የሚሸጠውን ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር የእነዚህ ጥብቅ ስፍራዎች ገቢ ከካሜራ ጎብኚ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በኮታ የሚፈቀድ የአደን ገቢም አለበት፤ ይህም ብዙዎችን የሚያከራክር ነው። ክርክሩን እዚህ አልገባበትም፤ ሆኖም ስለ ናሚቢያ እየተናገሩ እርሱን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ ልለፍ። በኔፓል በ1986 በተጀመረው የአናፑርና ጥበቃ ፕሮጀክት ጎብኚው የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለዚያው አካባቢ ጥበቃና ልማት ይውላል። ሩዋንዳ በ2005 ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶውን በዙሪያው ላሉ ነዋሪዎች መስጠት ጀመረች፤ በ2017 የጎሪላ ጉብኝት ፈቃድን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታሳድግ ድርሻቸውን 10 በመቶ አደረገችው። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1,000 በላይ መድረሱ የብዙ ሥራዎች ድምር ውጤት ቢሆንም፣ ይህ ገንዘብ በጎሪላው ላይ የሚነሣውን ቅሬታ እንዲያረግብ ታስቦ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ችግር አለ። የጋራ ገቢው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ይሆናል፤ ይህም መልካም ነው። ጉዳቱ ግን የጋራ አይደለም። በጫካው ዳር የሚያርሰው ሰው ድንቹን ጎሽ ሲያወድምበት፣ መንገድ ዳር ያለው ጎረቤቱ ምንም ሳይጎድልበት በዚያው ጤና ጣቢያ ይታከማል። ከሁሉ ይልቅ ወጥመድ ለመዘርጋት ወይም ሥጋ ውስጥ መርዝ ለመቅበር የሚገፋፋው ያ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ሳለ፣ በጀቱ ሲያዝ ስሙ የማይነሣውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከገቢው የተወሰነው ክፍል አስቀድሞ ተለይቶ፣ ጉዳቱ በቦታው ተጣርቶ ባለቤቱም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉ ሲረጋገጥ፣ ለተጎዳው ቤተሰብ በቀጥታ የሚደርስበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ጅብና አንበሳ የማይዘልቁት ጠንካራ በረት መሥራትም፣ በእኔ አስተያየት፣ ለጎብኚ ከሚሠራ መዝናኛ ይቀድማል።

የ2020ው የኮቪድ ወረርሽኝ ሌላም ነገር አሳይቶናል። በዚያ ዓመት የዓለም አቀፍ ተጓዦች ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በኬንያ ማሳይ ማራ ዙሪያ ባሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራዎች የመሬት ባለይዞታዎች ጎብኚ በዛም አነሰም የተወሰነ ወርኃዊ ኪራይ እንዲከፈላቸው ተዋውለው ነበር፤ ውሉ ጥሩ ቢሆንም ክፍያውን ለመቀነስ የተገደዱ ጥብቅ ስፍራዎች ነበሩ። በናሚቢያም የጠባቂዎቹ ደመወዝ እንዳይቋረጥ የአደጋ ጊዜ ድጋፍ ማሰባሰብ ግድ ሆነ። ቱሪዝም ለከብት እርባታና ለእርሻ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዲሆን ማቀድ እንደማይገባ የምናገረው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ በደህናው ዓመት ጥቂት ተቀማጭ ያላስቀረ ማኅበርም በክፉው ዓመት ጠባቂዎቹን ያሰናብታል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጋራ ሎጅ ውል ረቂቅ ላይ እንወያያለን። የማኅበራት ተወካዮች በተለይ የውሉ ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ኪራዩ ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ መታሰቡን፣ የሂሳብ መዝገቡን ማየት የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ከአስተናጋጅነትና ከዘበኝነት ባሻገር የሥራ አስኪያጅነቱ ቦታ በስንተኛው ዓመት ለአካባቢው ተወላጅ እንደሚተላለፍ የሚናገሩትን አንቀጾች አጥብቃችሁ እንድትመረምሩ እጠይቃለሁ። ባለሀብቶችም እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ጥርጣሬ እንዳታዩአቸው አደራ እላለሁ። ረቂቁ በየጠቅላላ ጉባኤው በነዋሪው ቋንቋ ተነቦ አስተያየት ሳይሰጥበት እንዳይፈረም የሚል ሐሳብም በስብሰባው ላይ አቀርባለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።